ሐኪም ለመሆን በሚማሩ ልጆች ላይ በፈተና ወራት ስለሚደርሰው ጭንቀት

ልጄ ሐኪም ቢሆንልኝ ብሎ የማይመኝ ወላጅ ጥቂት ነው። ልጁም ለዚሁ ትምህርት በተመረጠ ጊዜ በቤተ ዘመዱ ዘንድ ታላቅ ደስታ ይሆናል፤ ገና የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሳይገልጥ «ዶክተር» እየተባለ ይጠራል። እኛም ይህን ደስታ አንነቅፍም። ነገር ግን ከደስታው ማግሥት ጀምሮ ልጁ የሚሸከመው ሸክም ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቀው ቤተ ሰብ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለዚሁ ነገር ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ለመጻፍ አሰብን።

ስመ ጥሩው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በላሆር ከተማ የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙት በ1882 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) ኮኽ የሚባለው የጀርመን ሊቅ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ያስታወቀው በዚያው ዓመት ነበር፤ ራጅ የምንለው ጨረር የተገኘው በ1895፥ ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት ደግሞ በ1928 ነው። ከዚያም ወዲህ የተገኘው ሁሉ በተማሪው ጫንቃ ላይ ይጨመራል፤ ሌሊቱና ቀኑ ግን እንደ ቀድሞው 24 ሰዓት ነው።

የሕክምና ተማሪ አስቀድሞ የ206ቱን ዐጥንቶች ስም፥ ከአንጎል የሚወጡትን የ12ቱን ጥንድ ነርቮች መንገድ፥ የደም ሥሮችንና የጡንቻዎችን አቀማመጥ ያጠናል። ስማቸውም አብዛኛው የሮማይስጥና የጽርዕ ስለ ሆነ፥ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ለሚማረው ለአገራችን ልጅ በሸክም ላይ ሸክም ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም ቤት ገብቶ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ይማራል። በዚህ ጊዜ ፈተናው መልኩን ይለውጣል፤ በወረቀት ከሚጻፈው ሌላ፥ አይቶት የማያውቀውን ሕመምተኛ ጠይቆና መርምሮ ያገኘውን በመምህራን ፊት ቆሞ መናገር አለበት። እኛ በችሎት ተቀምጠን የምስክር ቃል ስንጽፍ ብዙ ዘመን ስለ ኖርን፥ በዓይኑ ያየውን የሚመሰክር ሰው እንኳ በዳኛ ፊት ሲቆም አንደበቱ እንደሚተሳሰር እናውቃለን። ስለዚህ ፈተና የወደቀ ተማሪ ሁሉ ያላጠና ነው የሚሉትን ሰዎች ፍርድ አንቀበለውም።

ጭንቀት የሐሳብ ብቻ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በአሜሪካ አገር በኦሃዮ የነበሩ ሊቃውንት በ1998 ዓመት ያሳተሙትን ምርመራ ይመልከት። 11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ራሳቸው ፈቅደው በላንቃቸው ላይ ወርዱ 3 ሚሊሜትር ተኩል የሚሆን ትንሽ ቍስል ተደረገባቸው፤ ይኸውም አንድ ጊዜ በዕረፍት ወራት፥ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ታላቁ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የፈተናው ጊዜ ቍስል ለመዳን ከዕረፍቱ ጊዜ ይልቅ በአማካይ 3 ቀን ያህል ዘገየ፤ ከ100 ሲታሰብ 40 እጅ መሆኑ ነው። ከ11ዱም ተማሪዎች በፈተናው ጊዜ ፈጥኖ የዳነለት አንድ እንኳ አልተገኘም። ሐሳብ የላንቃን ቍስል እንዲህ የሚያዘገይ ከሆነ፥ በእንቅልፍና በምግብ ፍላጎት ላይ የሚያደርገውን መገመት አያስቸግርም።

ከዚህም የከፋ አለ። በ2016 ዓመት የታተመ አንድ ጥናት በ43 አገሮች ካሉ ከ120 ሺህ በላይ የሕክምና ተማሪዎች የተሰበሰበውን ቍጥር መርምሮ፥ ከ100ው በ27ቱ ላይ የመንፈስ ጭንቀት በሽታ ምልክት እንደ ታየ አስታወቀ። ከ100ው 11ዱ ያህል ደግሞ በገዛ እጃቸው ለመሞት እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ይልቁንም የሚያሳዝነው፥ ምልክቱ ከታየባቸው መካከል ሐኪም የጠየቁት ከ100 ወደ 16 የሚሆኑት ብቻ መሆናቸው ነው። የሌላውን ሕመም ሊያክም የሚማር ሰው የራሱን መናገር ያፍራል፤ ባልንጀሮቹ ይንቁኛል፥ መምህራኑም ለሥራው አይበቃም ይሉኛል ብሎ ይፈራል። በቤቱም ስለ ቤተ ሰቡ ስም ሲባል እንዲሸሽግ ይደረጋል።

ስለ አጠናኑም አንድ ነገር እንጨምራለን። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሊቃውንት በ2006 ዓመት ባሳተሙት ምርመራ፥ አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያነበቡና አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን በወረቀት የጻፉ ተማሪዎች ተወዳደሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነርሱ ከ100ው 42 እጁን ሲያስታውሱ፥ ሌሎቹ 56 እጁን አስታወሱ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቤት ሲመሽ የቃል ትምህርት በጨለማ ይደረግ ነበር፥ ተማሪውም የተቀበለውን ያለ መጽሐፍ ካላለው አይታለፍለትም ነበር። በኋላ በገባንበት በሚሲዮን ተማሪ ቤት ደግሞ ደወል ተደውሎ መብራት ይጠፋ ነበር፤ ደግ ደንብ ነው። የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍም ጊዜ ስለ ሆነ፥ በፈተና ዋዜማ ቡና እየጠጡ ሳይተኙ ማደር ይጐዳል።

ወላጆች ልጃቸውን «ስንተኛ ወጣህ?» ማለትን ቢተዉ መልካም ነው። በአሜሪካ ሐኪሞች የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ከሚፈተኑት ፈተና የመጀመሪያው ክፍል ከ2022 ዓመት ጀምሮ ነጥቡ ቀርቶ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ እንዲባል ሆኗል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የተማሪዎቹ ጭንቀት ነበር። ጭንቀቱ ወደ ሁለተኛው ክፍል ተሻገረ እንጂ አልጠፋም የሚሉ ግን አሉ። በእኛ አገር ደግሞ ከሠርግና ከለቅሶ መቅረት እንደ በደል ስለሚቈጠር፥ በፈተና ወራት ልጁን ከመጥራት ይልቅ አባትዬው ራሱ ሄዶ ስለ ልጁ ይቅርታ ቢጠይቅ ዘመድ አይቀየምም። ልጁ በአንድ ትምህርት ቢወድቅም ድጋሚ መፈተን አለና፥ ቤቱ ሐዘን እንደ ገባበት ቤት አይሁን። ነገር ግን እህል የተጸየፈ፥ እንቅልፍ ያጣ፥ ከባልንጀሮቹ የተለየ፥ ወይም መሞት ይሻለኛል የሚል ቃል ከአፉ የወጣ እንደ ሆነ፥ ፈተናው እስኪያልፍ ሳይጠብቁ ብቻውንም ሳይተዉ፥ በዚያው ቀን አብሮት ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ከቤተ ሰቡ መካከል ይመረጥ።