የወረዳው ባለሙያ ለማን ሪፖርት ያድርግ?

አንድ ነዋሪ የቤት መሥሪያ ቦታ ያለ አግባብ ሲሰጥ አይቶ ሊጠቁም ቢነሣ፣ ቅርቡ ያለው በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ውስጥ የተቀመጠው የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ነው። የክፍሉ ባለሙያ ደመወዙ፣ ወረቀቱ፣ የመስክ መኪናው፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥቡ የሚመጣው ግን ከዚያው ቤት ነው። ጥቆማው ኃላፊውን የሚነካ ከሆነስ?

ጥያቄው የቆየ ነው። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ሲቋቋም የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን ነበረው፤ ተጠሪነቱ ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። ክልሎችም በየራሳቸው ሕግ ኮሚሽን አቋቋሙ። በ2008 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 943 ሲመሠረት ክሱ ወደዚያ፣ ምርመራው ወደ ፖሊስ ሄደ። ለፌዴራሉ ኮሚሽን ማስተማር፣ መከላከልና ሀብት መመዝገብ ቀረለት። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1236 ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆነ። ጥርስ በነበረው ጊዜ ነፃነት ጎደለው፤ ነፃነቱ ሲሻሻል ደግሞ ሰው «ጥርስ የሌለው አንበሳ» ይለው ጀመር።

ነገሩ የሚብሰው ወደ ታች ሲወረድ ነው። የመከታተያ ክፍሎችን በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያቋቋመው ደንብ ቁጥር 144/2000 ክፍሉን ተጠሪ ያደረገው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው፤ በየክልሉ እስከ ወረዳ የወረደው አሠራርም ይህንኑ ይመስላል። ሐሳቡ ቅን ነበር ብዬ አምናለሁ፦ ኃላፊው ቤቱን ራሱ እንዲያጸዳ፣ ባለሙያውም እንደ ሰላይ ሳይሆን እንደ አማካሪ እንዲታይ። የበታች ሠራተኛ ሰነድ ሲያጠፋ ይህ ይሠራል። ግዥው፣ ቅጥሩና የቦታ ድልድሉ በኃላፊው ፊርማ ሲያልቅ ግን ባለሙያው አለቃውን ለአለቃው ሊከስስ ነው። ጠቋሚን የሚጠብቅ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003። ሁሉም በሚተዋወቅበት ወረዳ ግን የጥቆማው ባለቤት ስሙን ባይጽፍም ከይዘቱ ይታወቃል።

ነፃነት ሲባል ብዙዎቻችን የኮሚሽነሩን ሹመት እናስባለን። እኔ ግን የወረዳው ባለሙያ ያሳስበኛል። ደመወዙን የክልሉ ኮሚሽን ይክፈለው፤ ዝውውሩና ነጥቡ ከአስተዳዳሪው እጅ ይውጣ። ያገኘውንም ለወረዳው ምክር ቤት በጽሑፍ ያቅርብ። ምክር ቤቱና አስተዳዳሪው የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የሪፖርቱ ቅጂ የቦታ ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ዝርዝር በሚለጠፍበት በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።