የጀልባው የኋላ ግድግዳ እንጨት

ሞተሩ ከኋላ የሚንጠለጠልበት የፋይበርግላስ ጀልባ የሞተሩን ክብደትም ሆነ ግፊት የሚሸከመው በኋላ ግድግዳው ነው። ግድግዳው ላይ ላዩን ሲታይ አንድ ወጥ ፋይበርግላስ ይመስላል። ሲቆረጥ ግን ከውጭና ከውስጥ ቀጫጭን የፋይበርግላስ ሽፋን፣ በመሃል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 38 ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር ኮምፔርሳቶ ይገኛል። ሽፋኖቹ ብቻቸውን ይለምጣሉ፤ ግድግዳውን የሚያጸናው በመሃል ያለው እንጨት ነው። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ብቻውን ከ70 እስከ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ግድግዳውን ከታች ወደ ፊት እየገፋ ከላይ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። እንጨቱ ከበሰበሰ ይህን ኃይል የሚችል ነገር አይኖርም።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ በቅርብ የሚመለከተው ጣናን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው በዚህ ሐይቅ፣ ከባሕር ዳር እየተነሡ ምእመናንንና ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ደቅ ደሴት አጠገብ ወዳለው ናርጋ ሥላሴ የሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች አሉ። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ እርጅናውን አይደብቅም፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ባለቤቱም አውጥቶ ያደርቀዋል ወይም ሌላ ይሠራል። የፋይበርግላስ ጀልባ ግን ልስኑ ሳይነካ ማገሩን ምስጥ እንደበላው ቤት ነው፤ ከውጭ እያማረ ከውስጥ ያልቃል። ሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ደግሞ ሞተሩን ድንገት እየያዘ የደከመውን ግድግዳ ያንገጫግጨዋል። የተሳፋሪው ደኅንነት በዚህ በማይታይ እንጨት ላይ ስለሚያርፍ፣ ጥገናው ላይ ላዩን የሚያልፉት ሥራ አይደለም።

ፋይበርግላሱ ራሱ አይበሰብስም። ችግሩ የሚመጣው ሽፋኑን በስተው በሚያልፉ ቀዳዳዎች ነው፤ ሞተሩ የታሰረባቸው ብሎኖች፣ ከጀልባው ውስጥ ውኃ የሚፈስበት ቱቦና በኋላ የተጨመሩ ዕቃዎች የተያዙባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች። ማሸጊያው በፀሐይና በንዝረት ሲሰነጠቅ ውኃ ጠብ እያለ ይገባል። ከሁለት ሽፋን መካከል የገባ ውኃ መውጫ የለውም፤ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ይከርማል፣ አበስባሽ ፈንገስም ይራባበታል።

ብስባሴውን ለመለየት ሦስት መንገድ ይበቃል። የመጀመሪያው ድምፅ ነው፤ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ሲመቱት ደህናው ቦታ ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የበሰበሰው ይታፈናል። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው፤ የሞተሩን እግር ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲያወዛውዙት ግድግዳው አብሮ ከተነቃነቀ፣ ወይም የብሎኖቹ ሮንዴላ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቁርጡን የሚያሳውቀው ሦስተኛው ነው። ከውስጥ በኩል፣ በተለይ ከታች ባለው ክፍል፣ በትራፓኖ ትንንሽ ቀዳዳ ተበስቶ የሚወጣው ፍቅፋቂ ይታያል። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ እንጨቱ ደህና ነው፤ የጠቆረ፣ የረጠበና የሚሸት ከሆነ መለወጥ አለበት። የተበሱት ቀዳዳዎች ወዲያው መልሰው ይደፈናሉ።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩን አውርዶ ጀልባውን ደልደል ባለ ቦታ ላይ በማሳረፍ ነው። ድጋፉ ከተዛነፈ ጀልባው እንደተጣመመ ይጠነክራል፣ ከዚያ በኋላም አይስተካከልም። የግድግዳው ቅርጽ በካርቶን ይወሰዳል፤ ከፍታውና ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ማዕዘን ተለክቶ ይጻፋል፤ ሞተሩ በትክክል የሚቀመጠው በእነዚህ ልኮች ነውና። ቀጥሎ የውስጡ ሽፋን ብቻ፣ ዙሪያውን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ቀርቶለት፣ በግራይንደር ይቆረጣል። የውጩ ሽፋን ስለማይነካ የጀልባው መልክ አይበላሽም። የበሰበሰው እንጨት በመሮ ተፈልፍሎ ይወጣል። የውጩ ሽፋን ጀርባ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይጠረግና በአሴቶን ይወለወላል። እርጥበት ከቀረ አዲሱ እንጨት አይጣበቅም፤ ስለዚህ ጥገናው ከክረምት ይልቅ በበጋ ቢሠራ ይመረጣል።

ለምትኩ የሚመረጠው ውኃ በማይፈታው ማጣበቂያ የተሠራ፣ ውስጡ ክፍተት የሌለበት ኮምፔርሳቶ ነው። እንደ ዋንዛ ያለ ጥሩ ሳንቃ እንኳ እርጥበት ሲያገኘው በወርዱ ስለሚያብጥ ከሽፋኑ ይላቀቃል። የኮምፔርሳቶ ንጣፎች ግን አቅጣጫቸው ስለሚሰባጠር እርስ በርስ ይያያዛሉ። ችፑድ ውኃ ሲነካው ስለሚፈርስ ፈጽሞ አይሆንም። ባለ18 ሚሊሜትር ሁለት ንጣፎች በሬዚን ሲጣበቁ የሚፈለገውን ውፍረት ይሰጣሉ። ከመግጠሙ በፊት የእንጨቱ ፊትና በተለይም የተቆረጠው ጠርዝ ሬዚን ይጠጣል፤ ውኃ በብዛት የሚመጥጠው በጠርዝ በኩል ነውና።

ከሬዚን ሁለት ዓይነት ይሠራበታል። ኢፖክሲ ውድ ቢሆንም ከእንጨትና ከአሮጌ ፋይበርግላስ ጋር አጥብቆ ይያያዛል፤ የማጠንከሪያው መጠን አምራቹ ከወሰነው አይጨመርም፣ አይቀነስም። ፖሊስተር ርካሽ ነው፤ ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ማጠንከሪያ ይገባበታል። ልኩን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው። ባሕር ዳር በማለዳ የተበጠበጠ ሬዚን በቂ የሥራ ጊዜ ሲሰጥ፣ ያው ልክ ድሬዳዋ ውስጥ በግንቦት ቀትር ቢበጠበጥ ቀብተው ሳይጨርሱ ጣሳው ውስጥ ሊረጋ ይችላል። በእንዲህ ያለ ሙቀት ማጠንከሪያውን ወደ 10 ሚሊ ሊትር ማውረድ፣ በትንሽ በትንሹ መበጥበጥና በጠዋት መሥራት ይሻላል።

የፖሊስተር ማጠንከሪያ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ስለሚችል መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። የፋይበርግላስ ብናኝ ሳንባና ቆዳ ይጎዳል፤ የሬዚኑ ሽታም አየር በማያገኝ ክፍል ውስጥ ያዞራል። ጣሳ ውስጥ የተረፈ ሬዚን እየጋለ ሊጨስ ስለሚችል ከአሴቶንና ከነዳጅ ርቆ ደጅ ይቀመጣል።

አዲሱ እንጨት በማወፈሪያ ዱቄት ባወፈሩት ሬዚን ላይ ተጭኖ ይገጠማል። ትርፉ ሬዚን በዙሪያው እስኪወጣ ድረስ በሞርሳና በብሎን ይጠበቃል፤ በመሃል የቀረ የአየር ኪስ ነገ የውኃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ሲደርቅ እንጨቱ ከጀልባው ወለልና ጎን ጋር የሚገናኝበት ጥግ በወፈረ ሬዚን ክብ ተደርጎ ይሞላል፤ የፋይበር ጨርቅ ሹል ጥግ ላይ አይተኛምና። ከዚያ እያንዳንዱ ንጣፍ ከበፊቱ ሰፋ እያለ፣ ወደ ወለሉና ወደ ጎኖቹ እየዘለቀ ይለበጣል። አረፋው በሮለር ተገፍቶ ይወጣል። ተራው ከአጫጭር ክር የተሠራ የፋይበር ምንጣፍ ማያያዣው የሚሟሟው በፖሊስተር ስለሆነ፣ በኢፖክሲ ሲሠራ የተሸመነው ጨርቅ ይመረጣል።

የጥገናውን ዕድሜ የሚወስነው የመጨረሻው ሥራ ነው። የሞተሩ ብሎኖች ቀዳዳ መጀመሪያ ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፣ በወፈረ ኢፖክሲ ይሞላል፣ ሲደርቅ መሃሉ በብሎኑ ልክ እንደገና ይበሳል። በዚህ መንገድ ብሎኑ እንጨቱን ሳይነካ በኢፖክሲ ውስጥ ያልፋል፤ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢያፈስ እንኳ ውኃው እንጨቱን አያገኘውም። የውኃ መውጫው ቱቦም በዚሁ ዓይነት ይገጠማል። ሞተሩ ሰፋፊ ሮንዴላና ለጀልባ የሚሆን ማሸጊያ ተደርጎለት ይታሰራል። ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጠበቃሉ፣ ማሸጊያው በየዓመቱ ይፈተሻል፤ የተሰነጠቀም በጊዜው ይቀየራል።