ስለ ባለ ቱቦ ኮንደንሰርና ስለ ቡሬ ውኃ

በደምበጫ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የኮንደንሰርን ሥራ አስቀድሞ ያውቀዋል። ከእሳት ላይ ካለው ማሰሮ የተነሣው እንፋሎት በሸምበቆ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ሙቀቱን ለውኃው ትቶ ፈሳሽ ይሆናል። ውኃው ሲሞቅ ባለሙያይቱ ትለውጠዋለች፤ ካልለወጠችው እንፋሎቱ እንዲሁ ያመልጣል።

በማቀዝቀዣ መሣሪያም ነገሩ ይኸው ነው። ኮምፕረሰሩ ጨምቆ የሚሰደው የአሞንያ ጋዝ ከቀዝቃዛው ክፍል የተሰበሰበውን ሙቀት፥ በዚያም ላይ ከመጨመቁ የመጣውን ሙቀት ተሸክሟል። ሸክሙን የሚያራግፈው ኮንደንሰሩ ነው። ይህም ረዥም የብረት በርሜል ሲሆን፥ በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ተደርድረው ጫፍና ጫፋቸው በተበሳ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ላይ ተሰክተዋል። ውኃው በቱቦዎቹ ውስጥ ሲሄድ ጋዙ በውጭ በኩል ይነካቸውና ፈሳሽ ሆኖ ወደ በርሜሉ ግርጌ ይንጠባጠባል። አሞንያ እርጥበት ካገኘ መዳብን ስለሚበላ ቱቦው ብረት መሆን አለበት፤ ለፍሪዮን ግን መዳብ ይስማማል።

በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ወተትና ሥጋ በብዛት የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ያለ ቀዝቃዛ መጋዘን ሊሠራ አይችልም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ ኮንደንሰሩ በነፋስ ይቀዝቅዝ ወይስ በውኃ? ቡሬ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። አንድ ማራገቢያ በዚያ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት በቀይ ባሕር ጠረፍ ከሚያንቀሳቅሰው በአምስተኛ እጅ ገደማ ያንሳል፤ የወይና ደጋው ቅዝቃዜ ግን ጉድለቱን በከፊል ይክሰዋል። ስለዚህ ለትንሽ ሱቅ ነፋስ ይበቃል፤ ለትልቅ መጋዘን ውኃ ይሻላል እንላለን።

ነገር ግን በምን ዓይነት አኳኋን? 100 ኪሎዋት ሙቀት የሚያራግፍ ኮንደንሰር፥ ውኃው በ5 ዲግሪ እንዲሞቅ ቢፈቀድለት በሰዓት 17,000 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ይህን በበጋ ከወንዝ ጠልፎ ሞቆ ሲወጣ ሜዳ ላይ ማፍሰስ ከከብቱና ከመስኖው ላይ መንጠቅ ነው። ያው ውኃ በማቀዝቀዣ ማማ ላይ እየተረጨ ቢመላለስ ግን በመትነን የሚጠፋው በሰዓት 150 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። (የጢስ ዓባይ ጢስ ደቃቅ የውኃ ነጠብጣብ ነው፤ በማማውም ነፋስ የሚወስደው እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ስላለ መከለያ ይደረግለታል።)

የማማው ችግር ሌላ ነው። ውኃው ሲተን ጨውና ኖራው ይቀራል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ያለ ነጭ ቅርፊትም በቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት ስለሚከለክል አሞንያው በ35 ዲግሪ ፈሳሽ መሆኑ ቀርቶ 40 ይጠብቃል፤ ግፊቱም ከ13.5 ወደ 15.5 ባር ይወጣል፤ ብልጫው በኤሌክትሪክ ሒሳብ ይከፈላል። ስለዚህ ከሚዞረው ውኃ ጥቂቱን በየጊዜው እየለቀቁ በአዲስ መተካት ያስፈልጋል። የባለ ቱቦ ኮንደንሰር ትልቁ በጎነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ቀጥ ያሉት ቱቦዎች አንድ በአንድ በብሩሽ ሊጠረጉ ይችላሉ። የመኪናውን ቤት የሚነድፈው ሰው ከኮንደንሰሩ ፊት የቱቦውን ርዝመት ያህል ባዶ ቦታ መተው አለበት፤ አለዚያ ቱቦ የሚለወጥበት ቀን ሲደርስ ግድግዳ ይፈርሳል።