ሽሮፕ ተግቶ የተላከው ልጅ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ኩፍኝ ነው። ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም እስቲ አንዴ ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ፣ ክረምት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ቤት ውለው እናት እንዳያስመርሩ የክረምት ትምህርት የሚባል አለ አይደል? ጠዋት ሂሳብና እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ሥዕልና ጨዋታ። የኛ አገር ዝናብ ደግሞ ስለማያስወጣ ልጁ ሁሉ በአንድ ክፍል፣ መስኮት ተዘግቶ ይውላል። ሲመዘገቡ የተጠየቁት ሁለት ጉርድ ፎቶና የወር ክፍያ ብቻ ነበር። የክትባት ካርድ የሚል ቃል ያነሳ የለም።

አንዲት እናት፣ ስሟን እንዳልጽፍ ቃል አስገብታኛለች፣ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ትቸረችራለች። የአምስት ዓመት ልጇን ሰኞ ማለዳ አተኮሰው። ዓይኑ ቀላ፣ ንፍጡ ወረደ፣ ሳል ያዘው። «ብርድ ነው ብዬ ነው» ትላለች። «ለወሩ ከፍያለሁ፤ ቢቀር ገንዘቡ አይመለስም። እኔ ገበያ ካልወጣሁ ደግሞ ማታ ምን ይበላል?» ፓራሲታሞል ሽሮፕ ግታ፣ ሹራብ ደርባ ላከችው። ትኩሳቱ ለጥቂት ሰዓት በረደ፤ አስተማሪዋም ልብ አላለችም። ረቡዕ ዕለት ሽፍታው ከጆሮው ጀርባ ተነስቶ ፊቱን ወረሰ።

«ጊፊራ!» አሉ አያቱ ገና ሲያዩት።

ኩፍኝ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ቀድሞ፣ ከወጣም በኋላ አራት ቀን ይጋባል። የሳለው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ያልተከተቡና ታመው የማያውቁ አሥር ሰዎች አጠገቡ ቢሆኑ ዘጠኙን ይይዛል። ስለዚህ የሰኞዋ ሽሮፕ ትኩሳቱን ደበቀች እንጂ በሽታውን አላስቀረችም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የክፍሉ ወንበር ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆነ። ከታመሙት የአንዱ ታናሽ እህት ደግሞ ገና የሰባት ወር ሕፃን ነበረች። መጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በዘጠኝ ወር ነው፤ እሷ አልደረሰላትም። ሳንባዋን መታት፣ ሆስፒታል ተኛች። ተርፋለች፣ ተመስገን። ሁለቱ እናቶች ግን ጎረቤት ሆነው እስከ ዛሬ ቡና አይጠራሩም።

«አንዴ አስከትቤው ነበርኮ!» ትላለች ነጋዴዋ። እውነቷን ነው። ግን በዘጠኝ ወር ከተከተቡ 100 ልጆች ክትባቱ የሚይዝላቸው 85 ያህሉን ነው። ለዚህ ነው ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአገራችን በ15 ወር ሁለተኛ የተጨመረው። ብዙ እናት ዘጠኝ ወር ላይ «ጨረስኩ» ብላ ካርዱን ሳጥን ውስጥ ትከታለች።

ይሄ የኛ አገር ጣጣ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በዚያው በ2011 ኒውዮርክ ከተማ 649 ሰው በኩፍኝ ተይዟል፤ አብዛኛው አጥባቂ አይሁዶች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች። ሃይማኖታቸው ክትባት ከልክሎ አይደለም፤ ወሬ አስፈርቷቸው ነው። ክረምቱ ሲደርስ ልጆቻቸው ወደሚሰፍሩባቸው የበጋ ካምፖች በሽታው እንዳይገባ የአካባቢው ጤና ባለሥልጣናት ለኩፍኝ መከላከያ እንዳለው ማስረጃ ያላቀረበ ልጅም ሠራተኛም እንዳይገባ አዘዙ። ካምፕ ማለት እንግዲህ የኛ የክረምት ትምህርት ነው፤ የነሱ አዳር ይጨምራል እንጂ።

የአያቶቻችን ነገር ይገርመኛል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይገባበትም ይላሉ። ይቺ ግማሿ ትክክል ናት። ሌላዋ ግማሽ፣ «መርፌ እንዳይነካው፣ ሐኪም ቤት አይሂድ» የምትለው ግን ስንቱን ጨርሳለች። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ጤና ጣቢያ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፣ ዓይኑን ያተርፍለታል። ስትሄዱ ግን በሩ ላይ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሕፃናት ከተሰለፉበት ጋር አታሰልፉት።

ኩፍኝ ሽፍታው ከወጣ አራት ቀን፣ ጆሮ ደግፍ ካበጠ አምስት ቀን ቤት ያስቀምጣል። ትኩሳት ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሳይጠፋ አይላክም። ቅማል ግን ከትምህርት አያስቀርም፤ በሱ ልጅ የሚያባርሩ አሉ አሉ።

ባለቤቱን ሄጄ አነጋገርኩት። «ከእንግዲህ ካርድ እንጠይቃለን» አለኝ። ጥሩ! ግን በግጭቱ ከየወረዳው ተፈናቅለው ነቀምቴ የገቡ፣ ካርዳቸው ከቤታቸው ጋር የቀረ ቤተሰቦች አሉ። እነሱን በር ከመዝጋት ጤና ጣቢያ መላክ ይሻላል፤ ክትባቱ በነፃ ነው። ይህንንም ተቀበለኝ። «ታሞ ለቀረ ልጅ የቀኑን ገንዘብ ትመልሳለህ?» ስለው ግን ሳቀ።

ሳቁን ለነጋዴዋ ነገርኳት። ሽንኩርቷን እየደረደረች፣ «ታዲያ በሚቀጥለው ሲታመም ማን ጋ ላስቀምጠው?» አለችኝ።