ብረት እንደ ሰነድ፦ ጥንታዊ ወታደራዊ ሽጉጦች፣ የማሠልጠኛ ጠመንጃዎችና አፎቶች ለታሪክ ተመራማሪ ምን ይነግሩታል?



ስለ ጥንታዊ መሣሪያ ሰብሳቢነት ልናገር መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ፣ ርእሱ ከታሪክ ትምህርት ይልቅ ለመሣሪያ ወዳጆች ጨዋታ የሚስማማ መስሏቸዋል። ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው አሮጌ ሽጉጥ የሚሰበስበው ለውበቱ፣ ለብርቅነቱ ወይም ለገበያ ዋጋው ነው። እኔ ግን ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ሐሳብ ነው፤ ወታደራዊ መሣሪያ በብረትና በቆዳ ላይ የተጻፈ ሰነድ ነው። ሰነድ በመሆኑም ሊነበብና ሊመሳከር ይችላል፤ ሊጭበረበርም ሆነ ለዘለዓለም ሊጠፋም ይችላል። ዓመታቱን፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ።

በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ በተጠናው ሽጉጥ ልጀምር። የኦስትሪያ ተወላጁ ጌኦርግ ሉገር የሁጎ ቦርሃርትን ቀደምት ንድፍ አሻሽሎ የሠራው ሽጉጥ በ1900 በስዊዘርላንድ ጦር፣ በ1904 በጀርመን ባሕር ኃይል፣ በ1908 ደግሞ በጀርመን ምድር ጦር ተቀባይነትን አገኘ። መዝጊያው እንደ ሰው ጉልበት ወደ ላይ እየታጠፈ የሚከፈት በመሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ለእኛ ግን ዋናው ነገር በላዩ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ነው። በመዝጊያው ላይ የፋብሪካው ስም፣ ጥይት በሚጎርስበት ክፍል አናት ላይ የተሠራበት ዓመት፣ በጎኑ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ማኅተም፣ በትንንሾቹ ክፍሎች ላይ ደግሞ የመለያ ቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ተቀርጸዋል።

የመለያ ቁጥሩን አሠራር ልብ በሉ። በጀርመን ጦር ሥርዓት ቁጥሩ በየዓመቱ ከ1 ይጀምርና 10,000 ሲሞላ አንድ ፊደል ተጨምሮበት እንደገና ከ1 ይነሣ ነበር። ስለዚህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ፋብሪካ፣ አኃዙ አንድ ዓይነት የሆነ ብዙ ሽጉጥ ሊኖር ይችላል። ቁጥሩን ብቻ መዝግቦ ፊደሉንና ዓመቱን የተወ ሰው የሽጉጡን ማንነት አልመዘገበም። በአገራችን ጎሣዬ የሚባል ሰው የአባቱንና የአያቱን ስም ሳይጠራ ማንነቱ እንደማይለይ ሁሉ፣ ይህም ሽጉጥ በሦስት ስም ካልተጠራ አይታወቅም።

አንዳንድ ሽጉጥ ሁለት ዓመት ተጽፎበት ይገኛል፤ ለምሳሌ 1917 እና ከእርሱ ከፍ ብሎ 1920። ጀማሪ ሰብሳቢ የፋብሪካ ስሕተት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን በየሰዉ እጅ በተበተነ መሣሪያ ተጥለቅልቃ ነበር። መንግሥት የራሱ የሆነውን መሣሪያ ከግለሰቦች ለመለየት 1920 የሚል የንብረት ማኅተም አሳተመ። እነዚያ አራት አኃዞች ሥልጣኑ የተናጋ መንግሥት “ይህ የእኔ ነው” ያለበት ድምፅ ናቸው።

አሁን ወደ ንግግሬ እምብርት እገባለሁ። የቬርሳይ ውል የጀርመንን ጦር በ100,000 ሰው ሲወስን፣ መሣሪያ የሚያቀርቡለት ፋብሪካዎችም ተገደቡ። ለጦሩ ሽጉጥ እንዲያቀርብ የተፈቀደለት በዙል ከተማ የሚገኘው፣ በ1856 በአይሁዳውያን ቤተሰብ የተመሠረተው የሲምሶን ፋብሪካ ነበር። ሲምሶን የሚል ስም ያለባቸው የሉገር ሽጉጦች ጥቂት በመሆናቸው ሰብሳቢዎች ዛሬም አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን ቤተሰቡ ከመጠን በላይ ትርፍ ወስዷል በሚል ክስ ተዋከበ፤ በቱሪንጊያ የፓርቲው ሹም በፍሪትዝ ሳውክል አቀናባሪነት በ1930ዎቹ አጋማሽ ፋብሪካውን ተነጠቀ። የቤተሰቡ አባላትም አገር ጥለው ተሰደዱ።

ይህን ታሪክ በመዛግብት ማንበብ ይቻላል። ነገር ግን ሦስት መሣሪያዎችን በተርታ ብናስቀምጥ ከብረቱ ላይም እናነበዋለን። የመጀመሪያው በ1920ዎቹ አጋማሽ የተሠራ፣ ሲምሶን የሚል ስም ያለበት ሽጉጥ ነው። ሁለተኛው በ1934 የወጣው፣ የጀርመን ስፖርት ሞዴል የተባለው ባለ 5.6 ሚሊሜትር የማሠልጠኛ ጠመንጃ ነው፤ ከዙል በወጡት በአንዳንዶቹ ላይ ከቤተሰቡ ስም ይልቅ ቤ ኤስ ቬ የሚሉ ሦስት ፊደላት እናገኛለን፤ የበርሊንና የዙል የመሣሪያና የተሽከርካሪ ፋብሪካ ለማለት ነው። ሦስተኛው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተሠራው የማሠልጠኛ ጠመንጃ ነው፤ በእርሱ ላይ ጉስትሎፍ የሚለው ስም ሰፍሯል፤ በ1936 በስዊዘርላንድ የተገደለ የናዚ ሹም ስም ነው። የሰው ስም በፊደላት ተተካ፤ ፊደላቱም በፓርቲ ሰማዕት ስም ተተኩ። የአንድ ቤተሰብ ንብረት እንዴት እንደተዘረፈ ከሦስት ማኅተሞች የበለጠ አጭር ማስረጃ አላውቅም።

የማሠልጠኛ ጠመንጃዎች በሙዚየምም በገበያም ዘንድ እንደ ታናሽ ወንድም ይታያሉ። በትንሽና ርካሽ ጥይት ዒላማ ለመለማመድ የተሠሩ ናቸውና የጦር ሜዳ ዝና የላቸውም። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ከጦር ሜዳው ጠመንጃ የማያንስ ነገር ይናገራሉ። “ስፖርት” የሚል ስም የተሰጠው የ1934ቱ ጠመንጃ ቁመናው የወታደሩን ጠመንጃ የሚከተል ነው። ኅብረተሰቡ ጦርነቱ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ለጦርነት ሲዘጋጅ እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ይመሰክራል?

የማሠልጠኛ ጠመንጃ ባለበት ሁኔታ ሳይነካ የሚገኘውም ከስንት አንድ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በበርሚንግሃም ለአውስትራሊያ ወጣት ሠልጣኞች የተሠራውን ትንሹን ማርቲኒ ጠመንጃ ውሰዱ። በላዩ የካንጋሮ ምስልና የክፍለ ግዛቱ ምልክት ታትሞበት ነበር። ኋላ ከአገልግሎት ሲወጣ በርካሽ ተሸጠ፤ ብዙው አፈሙዙ ተለውጦ፣ ሰደፉ ተቆርጦ ወደ አደን ጠመንጃነት ተቀየረ። ማንም እንደ ቅርስ አልቆጠረውምና ብዛቱ አላዳነውም።

አፎቱስ? የሽጉጥ አፎት ተራ የቆዳ ማኅደር ይመስላል። በጀርመኖቹ አፎቶች ጀርባ ግን የሠሪው ስም፣ ከተማውና ዓመቱ ታትመዋል፤ አንዳንዶቹም የክፍለ ጦሩን ምልክት ይዘዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሪዎች ስም እየቀረ በምሥጢር ፊደላት ተተካ፤ ጠላት ማን ምን እንደሚያመርት እንዳያውቅ ነበር። በአፎቱ ውስጥ ትርፍ ካዝናና ትንሽ የመፍቻ መሣሪያ ይቀመጣሉ። ትርፉ ካዝና የሽጉጡን ቁጥርና የመደመር ምልክት ይዞ ከተገኘ፣ ሽጉጡና ካዝናው ከመጀመሪያው አንድ ላይ እንደነበሩ እንረዳለን። ወደ አገሩ የተመለሰ አሜሪካዊ ወታደር የማረከውን ለመያዝ የተሰጠው የፈቃድ ወረቀት አብሮ ከተገኘ ደግሞ ሰነዱ ሙሉ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ማሳሰቢያ አለኝ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ በማልፊያው ጊዜ የገባበት ኬሚካልም ብረትን ያዝገዋል። ስለዚህ ሽጉጥ በአፎቱ ውስጥ ለዓመታት መቀመጥ የለበትም። ሁለቱ ለየብቻ ይቀመጡ፤ ዝምድናቸው ግን በመዝገብ ይጻፍ። ቆዳውን ለማለስለስ ብሎ ዘይት መቀባትም ቆዳውን ያጠቁረዋል፤ ማኅተሙንም ያደበዝዘዋል።

ከጊዜና ከዝገት የከፋው ጠላት ግን “አሳምረዋለሁ” ባይ ነው። የሉገር ሽጉጥ ትንንሽ ክፍሎች እስከ 1937 ገደማ በሙቀት የገለባ ቀለም እንዲይዙ ይደረግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀሪው አካል ጠቆሩ። ይህን የማያውቅ አዳሽ ሁሉንም አንድ ቀለም ሲቀባው የዘመን ምልክት ያጠፋል። ብረቱን ሲወለውለው የፊደላቱ ጠርዝ ይሟሟል፤ የቀዳዳዎቹ አፍ ይጎደጉዳል። የባሰው ደግሞ ዋጋ ለማስወደድ ቁጥር ፍቆ ሌላ ቁጥር የሚመታው ነው። በሲምሶን ስም ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ገዢን ማታለሉ ብቻ አይደለም፤ ስሙን አንድ ጊዜ በተዘረፈ ቤተሰብ ምስክር ላይ ሁለተኛ እጁን ያነሣል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር፤ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት በጎነት ምስጋና መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀርጾበት ነበር። በወዳጅነት የተላከ ብረት በጠብ ፍጻሜ ላይ ተገኘ። ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ ይህ መራራ ግጥምጥሞሽ በቀላሉ አይታወቅም ነበር።

ቋንቋችንም የራሱን ማኅተም ይዟል። ሰናድር ከእንግሊዞቹ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዮቹ የግራ ጠመንጃ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጡ ስሞች ናቸው። የመሣሪያ ንግዱ የመጣበትን አቅጣጫ ከአያቶቻችን አንደበት እንሰማለን።

ይሁን እንጂ ማኅተም የማይመልሰው ጥያቄ አለ። የኢጣልያ ጦር በዐድዋ ቬተርሊ የተባለውን ጠመንጃ ታጥቆ ነበር። ዛሬ በአንድ ቤት ቬተርሊ ቢገኝ፣ ማኅተሙ የተሠራበትን ፋብሪካና ዓመት ይነግረናል። በዐድዋ ይማረክ፣ በንግድ ይምጣ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በነበረው ወረራ ይገኝ ግን አይነግረንም። ያንን የሚያውቁት የቤቱ አረጋውያን ናቸው፤ በቃል ያለ ደግሞ ይረሳል። የብረቱን ማኅተም ከሰው ቃል ጋር የሚያጋባው የእናንተ ብዕር ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምለምነው ይህን ነው። አሮጌ መሣሪያ ስታዩ አትወልውሉ፤ ምልክቶቹን በሙሉ፣ የተደበዘዙትንም ጭምር፣ በፎቶግራፍ አንሡ። ከማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደመጣ ጠይቃችሁ በተናጋሪው ቃል ጻፉ፤ እርግጠኛውን ከግምቱ ለዩ። መሣሪያ መያዝ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ መሆኑንም አትርሱ፤ የተመራማሪ ድርሻ መመዝገብ ነው፤ ለመመዝገብም ባለቤት መሆን አያስፈልግም።

ብረቱ የተሠራው ሰው ለመግደል ነው፤ ይህን መሸፈን አይገባም። በላዩ ላይ የተጻፈውን በታማኝነት ስናነብ ግን የሠራውን፣ የተዘረፈውን፣ የተሸከመውንና የወደቀበትን ሰው ከመረሳት እናተርፋለን።