የፐርፕል ማርቲን የጸደይ ፍልሰት በታላላቅ ሐይቆችና ወንዞች ዙሪያ

ፐርፕል ማርቲን በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙት የጨረባ ወገኖች ሁሉ በአካል ትልቋ ስትሆን፣ ክብደቷ ከ50 እስከ 60 ግራም የሚደርስ፣ ምግቧንም ከሞላ ጎደል በአየር ላይ ከሚበሩ ነፍሳት ብቻ የምታገኝ ወፍ ናት። የሰሜኑን የቅዝቃዜ ወራት በደቡብ አሜሪካ፣ በተለይም በአማዞን ተፋሰስ ታሳልፍና ጸደይ ሲቃረብ ወደ መፈልፈያዋ ትመለሳለች፤ በዕድሜ የበሰሉት ወፎች ጥር ሳያልቅ ፍሎሪዳ ሲደርሱ፣ በካናዳ ድንበር አካባቢ የሚፈለፈሉት ግን እስከ ሚያዝያ ድረስ ይዘገያሉ፤ የዓመት ዕድሜ ያላቸው ወጣቶች ደግሞ ከበሰሉት ሳምንታት ዘግይተው ይከተላሉ።

ስለ ጉዞዋ የነበረው ዕውቀት ለብዙ ዘመን በእግር ቀለበት ላይ የተመሠረተ ነበር። ቀለበቱ ራሱ የታሰረበትንና ወፏ ዳግም የተገኘችበትን ቦታ ብቻ ስለሚናገር፣ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በግምት ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በቶሮንቶ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ብሪጅት ስታችበሪና ባልደረቦቿ ጂኦሎኬተር የተባለውን፣ የብርሃንን መጠን እየመዘገበ ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰዓት የወፏን አቀማመጥ ለማስላት የሚያስችለውን ትንሽ መሣሪያ በወፎች ጀርባ ላይ አሰሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳይንስ መጽሔት የወጣው ውጤት፣ ወደ ብራዚል ለመውረድ 43 ቀን የፈጀባት አንዲት እንስት በጸደይ 7,500 ኪሎ ሜትር ያህሉን የመልስ ጉዞ በ13 ቀን ጨርሳ ፔንሲልቬንያ መግባቷን አሳየ። ይሁን እንጂ መሣሪያው የኬክሮስ ስሌቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሊሳሳት የሚችል፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት የመጋቢት ሰሞንም ኬክሮስን ለመለየት የሚቸገር በመሆኑ፣ ወፎቹ ይህን ወይም ያንን ወንዝ ተከትለው ይወጣሉ የሚለው የተለመደ አነጋገር ከመረጃው አቅም በላይ የተለጠጠ ነው።

በተሻለ እርግጠኝነት የሚታወቀው ውኃ ለዚህች ወፍ እንቅፋትም ጓዳም መሆኑ ነው። ጉዞው ገና ሲጀመር በሪዮ ኔግሮና በሌሎች የአማዞን ወንዞች ደሴቶች ላይ ብዙ ወፎች በጋራ ያድራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ ፈተና የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ከዩካታን ተነሥተው ማረፊያ በሌለው ውኃ ላይ በቀጥታ ይሻገራሉ፣ ሌሎቹ የሜክሲኮን የባሕር ዳርቻ ይዘው ዙሪያውን ይወጣሉ። በማዶ ያለው የሉዊዚያናው ፖንቸርትሬይን ሐይቅ 38 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ድልድዩ ሥር የሚያድሩ እጅግ ብዙ ወፎችን ያስተናግዳል፤ ዝቅ ብለው ሲገቡ በተሽከርካሪ ይገጩ ስለነበር በድልድዩ ጎን ከፍ ብለው እንዲያልፉ የሚያስገድድ አጥር ተሠርቶላቸዋል። እንዲህ ያሉ ማደሪያዎች ከመፈልፈያው ወቅት በኋላ ይበልጥ ይሞላሉ፤ ማለዳ ሲበተኑም በአየር ጠባይ ራዳር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀለበት ሆነው ይታያሉ።

ወደ ሰሜን ሲዘለቅ የታላላቆቹ ሐይቆች ጠባይ ይለያል። በኤሪ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ወደ ውኃው ዘልቀው የሚገቡት ሎንግ ፖይንትና ፖይንት ፒሊ በጸደይ ተጓዥ ወፎች የሚከማቹባቸው ቦታዎች ናቸው። ከሐይቁ የሚነሡት ትንኝ መሳይ ነፍሳት ለደረሱት ወፎች ቀለብ ይሆናሉ፤ በአንጻሩ የሐይቁ ውኃ ከየብሱ ዘግይቶ ስለሚሞቅ ዳርቻውን ያቀዘቅዘዋል፤ ብርድና ዝናብ ለጥቂት ተከታታይ ቀናት ከዘለቀም ነፍሳት መብረር ያቆማሉ፣ ቀድመው የመጡት ወፎችም በረኀብ ያልቃሉ። መቅደም ጥሩ የጎጆ ቦታ ስለሚያስገኝ ግን አደጋው አያስቀራቸውም። ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ያለው ይህ የጎጆ ቦታ ከሞላ ጎደል በሰው እጅ የሚዘጋጅ ነው፤ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ቾክታውና ቺካሶን የመሳሰሉ የአገሬው ተወላጆች የተቦረቦረ ቅል ይሰቅሉላቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. የ2012 ጸደይ በምሥራቃዊ ሰሜን አሜሪካ ከዚያ በፊት ባልታየ ሁኔታ ሞቃት ሆኖ ሳለ፣ ተመራማሪዎች በጂኦሎኬተር የተከታተሏቸው ወፎች ከወትሮው ቀድመው አልተነሡም፣ ጉዟቸውንም አላፋጠኑም። በምድር ወገብ አጠገብ ያለች ወፍ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ያለውን ሙቀት የምታውቅበት መንገድ ስለሌላት፣ መነሻዋን የሚወስነው በአብዛኛው በደሟ ያለው የጊዜ አቆጣጠር ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ በሐይቆቹ ላይ ነፍሳት ቀድመው በሚፈለፈሉበት ዓመት ወፎቹ የሚደርሱት በቀድሞው ቀጠሯቸው ነው።