ጥቁር አፈር፤ ስሙ አንድ፣ ወጪው ብዙ

የአዳአና የምንጃር ነጭ ጤፍ፣ የበቾ ሽምብራ፣ የሞረትና ጅሩ ስንዴ አዲስ አበባ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደላላ፣ የራሳቸው ገዥና የራሳቸው ዋጋ አላቸው። መነሻቸው ግን በአብዛኛው አንድ ነው፤ ክረምት ሲገባ የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ አፈር። ገበሬው እንደየአካባቢው መረሬ፣ ዋልካ ወይም ኮትቻ ይለዋል። የአፈር ሳይንስ ባለሙያዎች ደግሞ ቨርቲሶል በሚል ስም መድበውታል።

ይህ ምደባ የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ እህሉ በየትኛው ወር ገበያ እንደሚገባ፣ በኪራይ የሚያዝ መሬት ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል፣ በላዩ የሚሠራ መጋዘንም ምን ዓይነት መሠረት እንደሚፈልግ በአመዛኙ የሚወስነው አፈሩ ከውኃ ጋር ያለው ጠባይ ነው። «ጥቁር አፈር ለም ነው» የሚለውን አባባል ብቻ ይዞ ውል የሚፈርም ባለሀብት የሒሳቡን ግማሽ ሳያይ ፈረመ ማለት ነው።

የሚያብጥና የሚኮማተር ሸክላ

ማንኛውም አፈር የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ድብልቅ አለው። ከሦስቱ እጅግ ደቃቁ ሸክላ ሲሆን፣ ቅንጣቱ ከ0.002 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። አንድ አፈር ቨርቲሶል ለመባል የሸክላው ድርሻ ቢያንስ 30 በመቶ መሆን አለበት። በኢትዮጵያ ደጋዎች በሚገኙ ብዙ ማሳዎች ከ50 በመቶም ያልፋል።

ከመጠኑ ይልቅ የሚበልጠው ግን የሸክላው ዓይነት ነው። በቨርቲሶል ውስጥ የሚያመዝነው ስሜክታይት የተባለ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ እጅግ ስስ ንጣፎች አሉት። ውኃ በንጣፎቹ መካከል ሲገባ ይለያያሉ፤ አፈሩም ያብጣል። ሲደርቅ ንጣፎቹ ተመልሰው ይቀራረባሉ፤ አፈሩም ይኮማተርና ይተረተራል። በቀይ አፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ካኦሊናይት ይህን ያህል አያብጥም። የጅማና የወለጋ ቡና የሚበቅልበት ቀይ አፈር ሸክላው ብዙ ሆኖ ሳለ ውኃ በቀላሉ የሚያሳልፈው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ቨርቲሶል የሚለው ስም የመጣው «መገልበጥ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። በበጋ የላዩ አፈር ወደ ስንጥቁ ይወርዳል። ክረምት ሲመጣ ከሥር የገባው አፈር አብጦ ቦታ ስለሚያጣ ጎረቤቱን እየገፋ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ መልክ አፈሩ ዓመት በዓመት ራሱን ያገላብጣል።

ጥቁረቱም ብዙ ሰው እንደሚገምተው የብስባሽ ብዛት ምልክት አይደለም። አፈሩ ካልሲየምና ማግኒዚየም በብዛት ቢይዝም፣ በናይትሮጅንና ሰብል ሊጠቀምበት በሚችል ፎስፈረስ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው። ስለዚህ ጥቁር መሬት ያለ ማዳበሪያ ያመርታል ብሎ በጀት ማውጣት ስሕተት ነው።

ባለሙያው እንዴት ይመድበዋል?

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከዩኔስኮ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው የአፈር ካርታ መፍቻ ቨርቲሶሎች በቀለማቸው ሁለት ወገን ተደርገው ነበር፤ ድቅድቅ ጥቁሮቹ ፔሊክ፣ ወደ ቡናማ የሚያደሉት ክሮሚክ ተባሉ። በኋላ የወጡት ምደባዎች ዋናውን ትኩረት ከቀለም ወደ ጠባይ አዛወሩት።

እ.ኤ.አ. በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውና በ2022 አራተኛ እትሙ የወጣው ዓለም አቀፍ የአፈር ምደባ ሥርዓት የዓለምን አፈር በ32 ዋና ዋና ወገኖች ይከፍላል። ቨርቲሶል ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ በሦስት ነገሮች ይታወቃል። አንደኛ፣ ከላይ ከተነሣው የ30 በመቶ ሸክላ የማያንስ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በደረቅ ወቅት የሚከፈትና በዝናብ ወቅት የሚዘጋ ስንጥቅ ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛ፣ ከላይ እስከ 100 ሴንቲሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ የሚጀምርና ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ የመገፋፋት ምልክት የሚታይበት ድርብርብ መገኘት አለበት። ምልክቱም እንደ ሽብልቅ ያዘመመ የአፈር ጓል፣ ወይም የተንሸራተተና እንደተወለወለ የሚያብረቀርቅ የጓል ፊት ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ጓሉ በእጅ ሲፈለቀቅ ይህ ለዓይን ይታያል።

የአሜሪካ የአፈር ምደባ ደግሞ ቨርቲሶልን ከ12 ታላላቅ ወገኖች አንዱ አድርጎ በስድስት ንዑስ ወገኖች ይከፍለዋል። የሚከፍለውም በአብዛኛው እንደ አየሩ ጠባይና ስንጥቁ በዓመት ውስጥ ክፍት ሆኖ በሚቆይባቸው ቀናት ነው። ለምሳሌ በተለመደ ዓመት ስንጥቁ በድምሩ 90 ቀንና ከዚያ በላይ ክፍት የሚሆነው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከሚከፈተው ይለያል። ሁለቱም ምደባዎች አፈሩን የሚለዩት ውኃ ሲገባበትና ሲወጣበት በሚያሳየው ጠባይ ነው።

ገበሬውም ከዚህ የራቀ ምደባ የለውም። መረሬ ሲረጥብ ማረሻ ይይዛል፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ለእርሻ የሚመቹት በመካከል ያሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው። በዚያች ጠባብ ጊዜ የጥማድ በሬ እጥረት ያለበት ቤት የዘር ቀኑ ያልፍበታል።

የዘር ቀንና የገበያ ቀን

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩ ጥናቶች በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ቨርቲሶል እንዳለ፣ ከዚህም 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋው ክፍል እንደሚገኝ አስቀምጠዋል። ይህ መጠን አገሪቱን በአፍሪካ ከሱዳንና ከቻድ ቀጥሎ የሚያሰልፋት ነው። በዚያን ጊዜ ከደጋው ቨርቲሶል የሚታረሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ቀሪውን በግጦሽነት ያስቀረው በዋናነት ክረምት ላይ የሚተኛበት ውኃ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ በኩል ፈጥኖ ወደ ታች ይወርዳል። አፈሩ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ግን ስንጥቁ ይዘጋና ውኃው መውረጃ ያጣል። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ በሜዳማ ማሳ ላይ ውኃ ይቆማል፤ የሰብሉም ሥር አየር ያጣል። ስንዴ ይህን አይችለውም። ጤፍ ግን ከሌሎች ሰብሎች በተሻለ ስለሚታገሠው በሐምሌና በነሐሴ መጀመሪያ ይዘራበታል። ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ይዘሩና አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋሉ።

ለነጋዴው ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። «ክረምቱ ጥሩ ነው» የሚለው ወሬ በሁሉም አፈር ላይ አንድ ትርጉም የለውም። የሐምሌ ዝናብ ሲበዛ ውኃ በሚያሳልፈው ቀይ አፈር ላይ ያለው ስንዴ ሊጠቀም ይችላል፤ በዚያው ወረዳ ጥቁር አፈር ላይ የተዘራው ደግሞ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የሽምብራን ምርት ለመገመት ከሐምሌ ይልቅ የመስከረምን ዝናብ መከታተል ይበጃል። መስከረም ላይ ዝናቡ ከረዘመ ዘሩ ይዘገያል፣ በሽታም ይበረታል። ቶሎ ካቆመ እርጥበቱ ሳይበቃ አፈሩ መሰንጠቅ ይጀምርና ሥሩን ይበጥሰዋል። ሑመራና መተማ አካባቢ በሚገኘው ተመሳሳይ አፈር ላይ ሰሊጥ የሚነግዱም ይህን ያውቁታል፤ ሰሊጥ ውኃ ሲተኛበት ከሚጎዱ ሰብሎች አንዱ ነውና።

ሌላው የመንገድ ጉዳይ ነው። ይህ አፈር ሲረጥብ ጎማ ይውጣል። ጠጠር ያልለበሰ የገጠር መንገድ በክረምት ሲዘጋ እህሉ በጎተራ ይቀራል፤ በማሳ በርና በአዲስ አበባ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነትም ይሰፋል። ቀድሞ የገዛና ወደ አስፋልት ዳር ያወጣ ነጋዴ የሚያተርፈው ከዚህ ልዩነት ነው። መንገዱን ሳይጠይቅ የተዋዋለም የሚከስረው በዚሁ ነው።

ሰፊ መደብ፣ ጠባብ ቦይ

ገበሬዎች ለውኃው የራሳቸው መላ አላቸው። በእነዋሪ አካባቢ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በእጅ ሰፋፊ መደብ እያወጣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። በሰሜን ሸዋ አንዳንድ ቦታዎች ደግሞ አፈሩን ከምሮ የማቃጠል፣ ጓይ የሚባል ልማድ ነበር። ጓይ ለጊዜው ምርት ቢጨምርም አፈሩን ስለሚያደክም መሬቱ ለዓመታት ጦሙን ማደር ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከእርሻ ምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ የእነዋሪውን ዓይነት መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ቢቢኤም በሚል አጠራር የታወቀው ይህ መሣሪያ ሁለት ባህላዊ ማረሻዎችን በማጣመር የተዘጋጀ ነው። ወደ 80 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መደብና ወደ 40 ሴንቲሜትር የሚሆን ቦይ ያወጣል። ውኃው በቦዩ ስለሚወርድ ስንዴን በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ መዝራት ይቻላል። ሰብሉ ቀድሞ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ መድገም የሚቻልበት አካባቢም አለ። ይህም በአንድ ማሳ ሁለት ምርት ለሁለት የተለያየ የገበያ ወቅት ያደርሳል።

ታዲያ መሣሪያው ሁሉም ጥቁር መሬት ላይ ለምን አልተስፋፋም? አንደኛ፣ ለበሬ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ማሳው ቀድሞ ሲዘራ ማዳበሪያውና የተሻሻለው ዘርም ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ያ ወቅት ደግሞ የገበሬው ኪስ የሚሳሳበት ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ከአንዱ ማሳ የወጣ ውኃ ወደ ጎረቤት ማሳ ይገባል። መውረጃው በጋራ ካልተቀደደ ጠብ ያመጣል፤ ያለ ጥንቃቄ ከተቀደደም ሸለቆ ይቆፍራል። የማጠንፈፊያ ሥራ የአንድ ባለ ይዞታ ሥራ አይደለም ማለት ነው።

ውኃውን ከማስወጣት ይልቅ ውኃ የሚወድ ሰብል መምረጥ ሌላው መንገድ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ በሩዝ የታወቀው በዚህ ነው። ጎረቤት ሱዳን ደግሞ የሴናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ከተጠናቀቀ ጀምሮ የገዚራን ሜዳ በመስኖ ታለማለች። የገዚራ ሸክላ ጥቁር አባይ ከኢትዮጵያ ደጋ አጥቦ የወሰደው ነው። እዚያ የአፈሩ ውኃ አለማሳለፍ ጥቅም ሆኗል፤ በመስኖ ቦዮቹ ውስጥ ወደ መሬት ሠርጎ የሚባክነው ውኃ ጥቂት ነው።

ከእርሻ ወደ ግንባታ

ይኸው ጠባይ ለግንባታ ዕዳ ነው። አፈሩ በክረምት ሲያብጥ መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋል፤ በበጋ ሲኮማተር ይለቀዋል። ከባድ ፎቅ ግፊቱን በክብደቱ ሊቋቋም ሲችል፣ ቀላል የሆኑት ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ አጥርና የመጋዘን ወለል ቀድመው ይሰነጠቃሉ። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ሜዳማ ክፍሎችና ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መስመር ቦታ የያዘ ሰው ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ማውጣትንና በቀይ አሽ ወይም በሌላ የተመረጠ ሙሊት መተካትን ከወዲሁ በሒሳቡ ማስገባት ይኖርበታል።

ከውል በፊት

መሬት ለማየት አመቺው ጊዜ በጋ ብቻ አይደለም። በጥር የስንጥቁ ስፋትና ጥልቀት ይታያል፤ በነሐሴ ደግሞ ውኃው ስንት ቀን እንደሚተኛ ይታወቃል። ሁለቱንም ያላየ ሰው ጎረቤት ገበሬዎችን ቢጠይቅ አይቆጭም።

በእጅ የሚደረግ ቀላል ፈተናም አለ። አፈሩን አርሶ ማሸት፣ እንደ ክር አቅጥኖ ማድቦልቦልና እንደ ቀለበት ማጠፍ ነው። ሳይሰበር ከታጠፈ ሸክላው ብዙ ነው።

ለግንባታ የሚሆነው ፈተና በላቦራቶሪ ይደረጋል። 10 ሚሊ ሊትር ደረቅና የተነፋ አፈር ውኃ ባለበት መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ይጨመርና የጨመረው መጠን ይታያል። እብጠቱ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ አፈሩ ብዙውን ጊዜ ጉዳት አያደርስም፤ 100 በመቶ ከደረሰ ግን ቀላል ግንባታን በእጅጉ ሊጎዳ ይችላል።

ለእርሻ የሚከራይ ባለሀብት በበኩሉ ውኃው የሚወርድበት መውጫ በውሉ ከተካተተው ይዞታ ውስጥ ነው ወይስ በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚለውን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። መውጫው የሌላ ሰው ከሆነ ከባለቤቱ ጋር የሚደረገው ስምምነት ከትራክተሩ ግዥ መቅደም ይኖርበታል።